የእንቁላል መኪናው ሞተር

የበኩር ልጇ መኪናውን በሌላ መኪና አስጎትቶ ግቢ ሲያስገባ፣ እናትየው ለነገ ጠዋት የሚጫነውን የእንቁላል ካርቶን እየደረደረች ነበር። ቀና ብላ መጀመሪያ ገመዱን አየች፣ ቀጥላ ልጁን። እሱ ግን ያፈረ መሰላችሁ? ዓይኑን በጨው ታጥቦ ከጋቢናው ወረደ፣ የሱሪውን አቧራ አራገፈ፣ ከዚያም "እማዬ፣ ይሄ መኪናሽ እኮ አርጅቷል" አላት።

መኪናሽ! ትናንት ማታ ቁልፉን ሊወስድ ሲመጣ "የአባቴ መኪና" ነበር። ዛሬ ጠዋት አማቶቹን ጭኖ ለሽርሽር ሲወጣ "መኪናችን" ነበር። ገመድ ሲታሰርለት መኪናሽ ሆነ።

አርጅቷል ማለቱስ እውነት ነው። ሟች ባሏ ሲገዛው እንኳ ሁለተኛ እጅ ነበር። ትንሹ ልጇ ሲወለድ ከሐኪም ቤት ያመጣቸው ይሄው መኪና ነው፤ ትንሹ ልጅ ዛሬ ፂሙን ይላጫል። የቀኝ በሩ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም፣ የኋላ መስኮቱ አንዴ ከወረደ ለማውጣት የሁለት ሰው እጅ ይፈልጋል። ሞተሩ ግን አንድ ቀን አሳፍሯት አያውቅም። ባሏ ከሞተ በኋላ መሪውን ራሷ ይዛ ከከተማ ውጭ ካሉት የዶሮ እርባታዎች እንቁላል እያመጣች ለሱቆችና ለዳቦ ቤቶች ታከፋፍልበታለች። ባለሱቆቹ "እንቁላሏ" ይሏታል፤ ስሟን የሚያውቅ አንድም የለም፣ እሷም ቅር ብሏት አያውቅም። በዚህ ሥራ ልጆቿን አሳደገች፣ አሁንም በዚሁ ሥራ የማንንም እጅ ሳታይ ትኖራለች። የማንንም ስትል ልጆቿንም ጨምራ ነው፤ እንዲያውም በተለይ ልጆቿን።

ልጆቿ ሦስት ናቸው። ሦስቱንም ወዳ ወልዳለች፣ ሦስቱንም ግን ትታዘባቸዋለች። የበኩሩን ቤተሰቡ ሊቀመንበር ይለዋል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ የገባው ሰው የለም፤ ስብሰባ እንደሚመራ ግን ሁሉም ያውቃል። እናቱ ቤት መጥቶ እንኳ ሻይ ሳይቀርብለት "የዛሬው አጀንዳችን" ይላል። ሁለተኛዋ ሴት ናት፣ ፀጉር ቤት አላት፤ የአንዷን ፀጉር እየሠራች የሌላዋን ስም ታፈርሳለች። ትንሹ ደግሞ ኢንጅነሩ ነው። ምህንድስና የተማረው አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ያቋረጠውም፣ እሱ እንደሚለው፣ አስተማሪዎቹ ሊረዱት ስላልቻሉ ነው። አሁን ስልክ ይጠግናል፤ እሱ ጋ ስልክ ያስጠገነ ሰው በማግስቱ አዲስ ይገዛል።

በሥራ ቀን መኪናውን እናትየው ትነዳዋለች፣ በዕረፍት ቀን ልጆቿ ተራ በተራ ይወስዱታል። ሕጉን ያወጣው ሊቀመንበር ነው፤ "የነዳ ነዳጁን ይሙላ።" ሕጉም እንደተከበረ ይኖራል። ሦስቱም ያቃጠሉትን ያህል ሞልተው ይመልሳሉ፣ አንዲት ጠብታ አትተርፍም። ለሞተር ዘይት ግን ሕግ አልወጣለትም። ነዳጅን የነዳው ያቃጥለዋል፤ ዘይት ግን ዛሬ ቢጨምሩት ነገም እዚያው ነው፣ ወንድም ይነዳበታል፣ እህት ትነዳበታለች። ታዲያ ለወንድሙ ዘይት የሚገዛ ሞኝ የት ይገኛል? ዘይት የምትጨምረው እናትየው ብቻ ነበረች። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሦስት ቀን የተያያዘ ዕረፍት ስለነበረ መኪናው ከእጇ ወጥቶ ሰነበተ።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ኢንጅነሩ ጓደኞቹን ጭኖ ሲጋልብ የመኪናውን ሆድ ከድንጋይ ጋር አላተመው። ዘይት ከሥር መንጠባጠብ ጀመረ፣ ዳሽቦርዱ ላይም ቀይ መብራት በራ። ኢንጅነሩ አየው። "ነገ እትዬ ትሞላዋለች" አለ በሆዱ። እሁድ ፀጉር ሠሪዋ መብራቱን አየችው። ዓይኗን ስለወጋት ከቦርሳዋ የፀጉር ቤቷን ማስታወቂያ ስቲከር አውጥታ ለጠፈችበት። ሰኞ ሊቀመንበር ተረከበ፤ እሱ ያየው "ውበትዎ በእኛ እጅ ነው" የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። አማቶቹን ጭኖ ዳገቱን ሲያጋምስ ሞተሩ አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ።

በማግስቱ ሰፈሩ ግራሶ የሚለው መካኒክ መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ ከሥር ገብቶ አየ፣ ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"ማዘር፣ ሞተሩ ያለ ዘይት ነድቶ ነክሷል፣ ብረቱ ተጣብቋል" አላት። "ሙሉ በሙሉ ይወርዳል። ውስጡ ያለው ሁሉ ይለወጣል፤ የሚተርፍ ካለም ቶርኖ ቤት ሄዶ ካልተስተካከለ አይመለስም።"

ዋጋውን ነገራት። በመጀመሪያ የሰማችው ስህተት መስሏት ደግሞ እንዲነግራት ጠየቀችው፤ ደገመላት፣ አልቀነሰም። መኪናውን ከነነፍሱ ሸጣው ቢሆን የዚህን ግማሽ የሚሰጣት ሰው አታገኝም ነበር።

"በሽበቴ አትጫወት" አለችው።

"ብጫወት ኖሮ ዋጋው ያንስ ነበር፣ ማዘር። አንዱን ዕቃ ለውጬ፣ ሌላውን አጥቤ ብመልስልዎት በወሩ ገመድ ይዘው ይመጣሉ። በደንብ ከተሠራ ግን ቦዲው ጠንካራ ስለሆነ ገና ብዙ ዓመት ያገለግልዎታል። ገንዘቡን ቀድሜ ካልያዝኩ ደግሞ ዕቃ አልገዛም፤ ስንቱ ነው አሠርቶ የጠፋብኝ።"

እናትየው በባዶ ካርቶን ቁልል ላይ ተቀመጠች። እጇ ላይ ያለው ገንዘብ እንቁላል የምትገዛበት ነው፤ እሱን ብታወጣ ሞተር ይኖራታል፣ የሚጫን ግን አይኖርም። ባለሱቆቹ ቢታገሡ እስከ ወር መጨረሻ ነው። አዲስ ነጭ መኪና ያለው አንድ ጎረምሳ አከፋፋይ ከወዲሁ በየሱቁ ደጃፍ ማንዣበብ ጀምሯል። ለጊዜው በኪራይ መኪና ጥቂት ጥቂት ብታደርስም፣ ትርፉን ኪራዩ ይበላዋል። ሱቆቹ ከሄዱ ሥራው ሄደ፣ ሥራው ከሄደ ደግሞ የሚቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። እሱም ከሊቀመንበር ማዕድ ቤት ጀርባ ያለችው ክፍል ናት።

ያቺን ክፍል ታውቃታለች። የተሰበረ ማቀዝቀዣና ጎማው የወለቀ የልጆች ብስክሌት ተቀምጦባታል። ይባስ ብሎ የልጇ ሚስት ደግ ናት፣ ክፋቷም ደግነቷ ነው። "እማማ ይተዉት፣ እኔ አደርገዋለሁ፤ እማማ አይነሱ፣ እኔ አመጣለሁ" እያለች ሰውን ቁጭ አድርጋ የምትገድል ናት። እናትየው እዚያ ቤት አንድ ሳምንት ተኝታ ታውቃለች፤ በሳምንቱ መጨረሻ ጉልበቷ መታጠፍ እምቢ ብሏት ነበር። ከዚያች ክፍል ገብታ የቲቪ ድምፅ እየሰማች ከመሞት መኪናውን በትከሻዋ ብትገፋው ይሻላታል።

ከሥራ መልስ ሦስቱም ተሰበሰቡ።

"የዛሬው አጀንዳችን አንድ ነው" ብሎ ጀመረ ሊቀመንበር፤ ጉሮሮውንም ጠረገ።

"ጋሼ፣ ሞተሩ ሲጮህ ወዲያው ማጥፋት ነበረብህ" አለው ኢንጅነሩ። "ሳይንሱ ቀላል ነው። ብረት ከብረት ጋር—"

"ሳይንስህን ለራስህ! ዘይቱን ያፈሰሰው ማነው?"

"ድንጋዩ ነዋ። ድንጋይ መንገድ መሐል ምን ይሠራል?"

"ስቲከሩንስ የለጠፈው?"

"እኔ መብራት ሸፈንኩ እንጂ ዘይት አልደፋሁም!" አለች ፀጉር ሠሪዋ። "ደግሞ መኪና የሚነዳ ሰው መብራት አያይም እንዴ? ስቲከሩን አንሥተህ ብታይ እጅህ ይቆረጥ ነበር?"

እንዲህ ሲወራወሩ ቆዩና ጥፋቱ የሚያርፍበት ትከሻ ሲጠፋ ወደ ሟች አባታቸው ዞሩ። ሲጀመር ይህን ዓይነት መኪና መግዛት አልነበረበትም ተባለ። ሟቹ መልስ ስላልሰጠ እሱን ትተው ወደ እሷ መጡ። "እማዬም እኮ ቀደም ብላ ብታየው ኖሮ" አለች ሴቷ። እናትየው "የአብዬን ወደ እምዬ" ሲባል እስከ ዛሬ ተረት ይመስላት ነበር።

ወደ ገንዘቡ ሲደርሱ ድህነት ቤቱን ሞላው። ሊቀመንበር የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ አነሣ፣ ጀምሮ ያልጨረሰውን ቤት አነሣ፣ የሲሚንቶ ዋጋ ሰማይ መድረሱን አስረዳ። ፀጉር ሠሪዋ ገበያው እንደቀዘቀዘና ሴቶች ፀጉራቸውን ቤታቸው መሥራት እንደጀመሩ ተናገረች፤ ስትናገር አዲሱ የእጅ ሰዓቷ ከአምባሯ ጋር እየተጋጨ ይንቀጫቀጭ ነበር። ኢንጅነሩ ኪሱን ገልብጦ አሳየ፤ ማንም ግን አሳይ አላለውም።

"ስለዚህ" አለ ሊቀመንበር፣ "መኪናው ለቁራጭ ብረት ይሸጣል። እማዬም በቃት፣ ትረፍ። እኔ ጋ ትገባለች።"

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ። የእናትየው ድምፅ አልተጠየቀም፣ እሷም ዝም አለች።

በዚያ ቤት እናት ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲሁ ነው። "እማዬ፣ ልውሰደው?" ይላሉ፤ እሷ እጇ ሥራ ላይ ነው፣ ወይም ሂሳብ እያሰበች ነው፣ ወይም ደክሟታል፤ ዝም ትላለች፣ ይወስዳሉ። አድገውም አልተዉትም። ስንት ጊዜ "አይሆንም" ልትል አፏን ስታሰናዳ ጀርባቸውን ከበር ላይ አይታለች።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሊቀመንበር ብቻውን መጣ፣ ያለ አጀንዳ።

"እማዬ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም" አለ። "አባዬ የነዳው መኪና በኪሎ ተመዝኖ ሲሸጥ ማየት አንጀቴ አልቻለም። እኔ አሠራዋለሁ።"

እናትየው ሆዷ ባባ። ግን ለአፍታ ብቻ ነው፣ እሱ አላስጨረሳትም።

"ያው ካሠራሁት ደግሞ የእኔ ይሆናል። አንቺ እኔ ጋ ነሽ፣ ምን ያደርግልሻል? ሹፌር ቀጥሬ ዕቃ ማመላለሻ አደርገዋለሁ። ይኸው፣ ግማሹን ያዢ። ቀሪውን ሞተሩ ተነሥቶ በዓይኔ ካየሁ በኋላ፤ ዘንድሮ ሰው አይታመንም።" ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ። "ለእነሱ እንዳትነግሪ። በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር።"

የሲሚንቶው ዋጋ በአንድ ሌሊት ወርዶ ይሆን? እናትየው ልትጠይቀው ፈለገችና ተወችው። ዝም አለች። ግንባሯን ስሞ ወጣ።

ፀጉር ሠሪዋ የመጣችው በማግስቱ ነው፣ ሽቶዋ ቀድሟት። "እማዬዋ" አለች፤ እማዬዋ የምትለው የምትፈልገው ነገር ሲኖር ነው። ሙሽሮችን ቤታቸው ድረስ ሄዳ የምትሠራበት መኪና ብታገኝ እንዴት እንደሚያዋጣት አስረዳች። ውስጡን መስተዋት በመስተዋት ታደርገዋለች፣ ውጩን ሮዝ ትቀባዋለች። የእንቁላል መኪና ሮዝ ተቀብቶ ያየች ያህል እናትየው ዓይኗን ጨፈነች። ከቦርሳዋ የወጣው ገንዘብ የዋጋው ሢሶ ይሆናል። "የቀረውን መኪናውን ስረከብ። ጋሼ እንዳይሰማ ብቻ፣ ከሰማ ኮሚቴ ያቋቁማል። በእኔና በአንቺ ይቅር።"

ይሄ ደግሞ ቀዝቅዞ የነበረው ገበያ መሆኑ ነው። እናትየው ገንዘቡን ተቀበለች፣ አልተነፈሰችም። ልጅቷ "ተባረኪልኝ" ብላት ሄደች፤ እናት ልጇን ትመርቃለች እንጂ ልጅ እናቷን እንደማትመርቅ ግን አልገባትም።

ኢንጅነሩ በሦስተኛው ቀን በጓሮ በር ገባ። የፊት በሩ ክፍት ነበር።

"እኔ እኮ እንደ እነሱ አይደለሁም፣ እማዬ" አለ። "እነሱ ስለ ራሳቸው ነው የሚያስቡት። እኔ ግን አስቤ አስቤ መላ አገኘሁ። ሞተሩ ይሠራል፣ መኪናው ወዲያው በጥሩ ዋጋ ይሸጣል፣ እኔ ሞተር ሳይክል እገዛለሁ።"

"እኔስ?" ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ግን ወረቀት ላይ ሞተር ሳይክሉን እየሣለ ነው። ያመጣው ገንዘብ ከሁሉም ያንሳል፣ ከሁሉም የተጨማደደ ነው። "ሌላውን ሲሸጥ እሞላዋለሁ። እትዬ እንዳትሰማ፣ ሰፈሩን ትሞላዋለች። በእኔና በአንቺ—"

"መካከል ይቅር" ብላ ጨረሰችለት።

"አዎ" አለ፣ እንዴት እንዳወቀች ሳይገርመው።

ሲሄድ እናትየው ሦስቱን የገንዘብ ጥቅል አልጋዋ ላይ ዘረጋችና ቁጭ ብላ አየቻቸው። ሳቋም መጣ፣ ዕንባዋም መጣ። ሌባ ሲሰርቅ ይደበቃል፤ የእሷ ልጆች ሲሰጡ ተደበቁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። የእሷ ድሮች ግን እያንዳንዳቸው አንበሳውን ለብቻቸው ሊጋልቡ ነው የመጡት። አንዱ አንዱን እንዳይሰማ ፈርተው፣ ቀሪውን በኋላ ብለው በቁራጭ በቁራጭ ከፍለው፣ ሳያውቁት ተዋጥተው አረፉ። ሦስቱ ሲደመር ግራሶ ከጠየቀው የሚጎድለው ጥቂት ነው፣ እሱ ከራሷ አይጠፋም።

ለአፍታ "ማታለል ይሆን?" ብላ አሰበች። ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል ለማስታወስ ሞከረች፤ ምንም አላለችም። አደራ ያሏትንም ጠብቃለች፤ በእኔና በአንቺ ይቅር አሏት፣ ቀረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፣ እሷ ምን ታድርግ? በማግስቱ ገንዘቡን ለግራሶ አስረከበችው።

ሦስቱም በየግላቸው እየደወሉ መኪናው መቼ እንደሚያልቅ ጠየቋት። ለሦስቱም እውነቱን ነገረቻቸው፤ ሐሙስ ጠዋት።

ሐሙስ ጋራዡ ስትደርስ ግራሶ ሞተሩን አስነሥቶ ጠበቃት። እጇን ከኮፈኑ ጠርዝ ላይ አሳርፋ አዳመጠችው። ድምፁ ጎርነን ብሏል፣ ግን ነፍስ አለው። ግራሶ ለጊዜው እንዳትሮጥበት ሲያስጠነቅቃት ሊቀመንበር በመሥሪያ ቤቱ መኪና ገባ። ክራቫቱን አስሯል፣ የቀጠረውንም ሹፌር ይዞ መጥቷል። ገና ቁልፉን ሳይጠይቅ ፀጉር ሠሪዋ ከታክሲ ወረደች፣ በእጇ የቀለም ናሙና ይዛለች።

"አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አላት።

"እማዬን ላግዝ ነዋ። አንተስ?"

"እኔም።"

ተያዩ። እናታቸውን ለማገዝ ሁለቱም በአንድ ቀን የመጡበት ዘመን ትዝ ሊላቸው አልቻለም። በዚህ መሐል ኢንጅነሩ አንድ የመኪና ደላላ አስከትሎ ደረሰ። ወንድምና እህቱን ሲያይ ወደ ኋላ ሊመለስ ቃጣው፣ ደላላው ግን ዘው ብሎ ኮፈኑ ውስጥ ጭንቅላቱን ከተተ።

"በነገርከኝ ዋጋ አይሆንም" አለ ደላላው። "ቀንስ።"

"ምኑን ነው የሚቀንሰው?" አለ ሊቀመንበር።

"መኪናውን። ከባለቤቱ ጋር እየተነጋገርን ነው፣ ጌታዬ፤ አንተ አትግባ።"

"ባለቤቱ ማነው?"

ደላላው ኢንጅነሩን አመለከተ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ ለመለየት ያስቸግራል፤ ሦስቱም አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚጮኹት። "እኔ ነኝ ያሠራሁት!" የጋራዡ ሠራተኞች መፍቻቸውን አስቀምጠው ሊያዩ ቆሙ። ፀጉር ሠሪዋ ወንድሟን ሌባ አለችው፣ ሊቀመንበር "ሥነ ሥርዓት!" አለ፣ ኢንጅነሩ ሁለቱንም እናታቸውን የሚበዘብዙ ናቸው ብሎ ከሰሳቸው። በመጨረሻ ሦስቱም አንድ ላይ ዞሩ። እናትየው ጋቢና ውስጥ ገብታ መሪውን ይዛለች።

"እማዬ፣ እሺ ብለሽኝ አልነበረም እንዴ?" አለ ሊቀመንበር።

"መቼ?"

"ገንዘቡን ስሰጥሽ!"

"ምን ብዬ?"

ሊቀመንበር አሰበ። ሌሎቹም አሰቡ። "ዝም አልሽ" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ወርዶ።

"ዝም አልኩ" አለች። "ቤቴን ለቅቄ ከማዕድ ቤትህ ጀርባ እንድገባ ስትወስኑም ዝም ብዬ ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት ዝም ስል ከሦስታችሁ አንዳችሁ 'እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?' ብላችሁኝ ታውቃላችሁ?"

ሊቀመንበር ክራቫቱን አላላ።

"ገንዘባችንስ?" አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ከመልሱ ይልቅ ጥያቄው ቀሏት።

"ብድር ነው የሚለኝ ካለ ከእንቁላሉ እየቆጠብኩ በየወሩ እከፍለዋለሁ። ለእናቴ ነው የሰጠሁት የሚለኝ ካለ ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። እዚሁ ተናገሩ። ሰውም ይስማ።"

ሊቀመንበር ዙሪያውን አየ። ሠራተኞቹ ያያሉ፣ ግራሶ ያያል፣ ሹፌሩ ያያል፣ ደላላውም ለወሬው ብሎ አልሄደም። ሰብሳቢ ሰው በሕዝብ ፊት እናቱን ብድሬን ክፈይ ይላል? ጉሮሮውን ጠረገ። "የእናት ውለታ ተከፍሎ አያልቅም" ብሎ ጀመረና ስለ ወላጅ ክብር ረጅም ንግግር አደረገ፤ ስጦታ የሚለው ቃል የወጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም እንደ ጥርስ ተነቅሎ። አንዱ ሠራተኛ አጨበጨበለት። ፀጉር ሠሪዋ ወንድሟ ስጦታ ካለ እሷ ብድር ብትል ፀጉር ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚወራ አሰበችና "የእኔም ስጦታ ነው" አለች። ኢንጅነሩ "እኔማ ከመጀመሪያውም ለእማዬ ብዬ ነው" አለ፤ ደላላው ተሳድቦ ወጣ።

"ተባረኩ" አለች እናትየው፤ ማርሹን አስገብታ ወጣች።

እንቁላሉን ከቤት ጭና በመጀመሪያው ሱቅ ደጃፍ ስታቆም ባለሱቁ እየሮጠ ወጣ። የሞተሩን ድምፅ አላወቀውም፣ መኪናውን ግን አወቀው።

"እንቁላሏ! እኔ እኮ ሥራውን ተዉት ብዬ ለዚያ ባለ ነጭ መኪና ቃል ልሰጠው ነበር። ያን ያህል ገንዘብ ይጠይቃል ሲሉኝ አልነበር? ማን አሠራልዎት?"

"ልጆቼ።"

"ሦስቱም?"

"ሦስቱም አዋጥተው።"

ባለሱቁ እጁን በደረቱ ላይ አደረገ። "ታድለው!" አላት። "የእኔዎቹ ስልክ እንኳ አያነሡልኝ። እንዲህ ያሉ ልጆች የወለደ ሰው ምን ይጎድለዋል?"

እናትየው ቤቷ ተርፎላታል፣ ሱቆቿ ተርፈውላታል፣ ሞተሩም ይሠራል። ስታሸንፍ ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ደስ ግን አላላትም። ከሦስቱ አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ "እናቴ ተቸግራለች" ብሎ አንዲት ሳንቲም ይዞ መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ መኪናውን ከነቁልፉ በሰጠችው ነበር።

ይህን ለባለሱቁ አልነገረችውም። ከጋቢናው ወርዳ የኋላውን በር ከፈተችና ስንት ካርቶን እንደሚፈልግ ጠየቀችው።